አባቴ ያዳመጡኝ ትምህርት

አባቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲያዳምጡ የኖሩ ሰው ነበሩ። ዲማ ላይ የቅኔ መምህር ነበሩ። ከየአገሩ የመጣው ተማሪ በየተራ ከፊታቸው ቀርቦ ሲያውጠነጥን ያደረውን ቅኔ ይነግራቸዋል፤ እሳቸው አንገታቸውን ዘመም አድርገው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ይሰሙታል። ከተሰናከለ ከዘራቸውን መሬት ላይ መታ ያደርጉና «ድገም» ይላሉ። ካልተሰናከለ ምንም አይሉም። ዝምታቸው ነበር ምስጋናቸው።

እኔና ታላቅ እህቴ ያን የከዘራ ድምፅ ከጓሮ እየሰማን ነው ያደግነው። እኛን ግን አንድ ቀን አዳምጠውን አያውቁም። ሴት ልጅ ቅኔ ቤት መግባቷ በእኛ ሰፈር ያልተለመደ ነበር። እህቴ በጊዜ ተድራ ደብረ ኤልያስ ወረደች፤ እኔ የመንግሥት ትምህርት ቤት ገባሁ። የውጤት ካርዴን ሳመጣላቸው ወዲያና ወዲህ ገልበጥ አድርገው ያዩና «ደግ ነው» ይሉኛል። በቃ። የሌላ ሰው ልጅ ከሩቅ አገር መጥቶ ፊታቸው ሲቀመጥ እኔ የገዛ ልጃቸው አንድ መስመር እንኳ ሳልነግራቸው ማደጌ ቅር ይለኝ ነበር። ትልቅ ሰው ሆኜም፣ ደመወዝተኛ ሆኜም ያ ቅሬታ አልለቀቀኝም።

እናቴ ካረፈች፣ የአባቴም ዓይን ፈጽሞ ከጠፋ በኋላ ደብረ ማርቆስ እኔ ቤት አመጣኋቸው። አላገባሁም፤ ቤቱ ለሁለት ሰው አይጠብም። ጉባኤያቸውን ለአንድ ጎበዝ ተማሪያቸው አስረክበው፣ አንዲት ከረጢትና ያንኑ ከዘራ ይዘው መጡ። ከተማው ግን ለጆሯቸው የሚሆን ነገር አልነበረውም። ባጃጅ ነው፣ የጎረቤት ቴሌቪዥን ነው፣ ከአውቶቡስ መናኸሪያው አቅጣጫ የሚመጣ ጩኸት ነው። በረንዳው ላይ ከዘራቸውን በጉልበቶቻቸው መካከል አቁመው ቁጭ ይላሉ፤ ከሥራ ስመለስም እዚያው ናቸው። «እንዴት ዋሉ አባዬ?» ስላቸው «ዋልን» ይላሉ። የሚያዳምጡት ሰው አጥተው እየደረቁ እንደነበር የገባኝ ቆይቼ ነው።

እኔ የምሠራው ባንክ ነው። ገንዘብ ተቀባይ አይደለሁም፤ ክፍሌ ኮምፕሊያንስ ይባላል። በወንጀል የተገኘ ገንዘብ ንጹሕ መስሎ በቅርንጫፋችን በኩል እንዳያልፍ መጠበቅ ነው ሥራዬ። ዘበኛው በር ላይ ይቆማል፣ እኔ ኮምፒዩተሩ ላይ እቆማለሁ። አንድ ቀን ከዋናው መሥሪያ ቤት ይህን ሥራ የሚሠራ ሁሉ ዓለም አቀፍ የሙያ ፈተና አልፎ ምስክር ወረቀት ይያዝ፣ ያልያዘ ከቦታው ይነሣል የሚል ትእዛዝ መጣ። ትምህርቱም ፈተናውም በእንግሊዝኛ ነው፤ የሚፈተኑትም አዲስ አበባ ሄደው ነው። መጽሐፉን አሳትሜ ስይዘው ጡብ አከለ። እንግሊዝኛዬ ደግሞ የመንግሥት ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ነው፤ ሳነበው ይገባኛል፣ መጽሐፉን ስዘጋው ይጠፋኛል።

አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ አጠገባቸው ተቀምጬ ሳነብ አባቴ ወደ እኔ ዞር አሉ።

«ምንድን ነውሳ እሱ የምትገልጪው?»

«ትምህርት ነው አባዬ። ፈተና አለብኝ።»

«ትምህርት ከሆነ ምነው ድምፅ የለውም?»

«በልቤ እያነበብሁ ነው።»

«በልብ የሚነበብ ደብዳቤ ነው። በይ ጮክ በይና ልስማው።»

«እንግሊዝኛ እኮ ነው፤ አይገባዎትም።»

«ልጄ፣ ትርጓሜውን መች ጠየቅሁሽ? ልስማው ነው ያልሁሽ።»

ሣቅሁና አነበብሁላቸው። ያጋጠመኝ ስለ ሦስቱ ደረጃዎች የሚያወራው ገጽ ነበር፤ ፕሌስመንት፣ ሌየሪንግ፣ ኢንተግሬሽን። አንብቤ ስጨርስ ምን እንደሆነ በአማርኛ ነገርኋቸው። ሌባው መጀመሪያ የሰረቀውን ገንዘብ ባንክ ያስገባል፤ ቀጥሎ መነሻው እንዲጠፋ ከቦታ ቦታ ያዛውረዋል፤ በመጨረሻ ቤት ወይም የጭነት መኪና ሆኖ ንጹሕ መስሎ ይመለስለታል አልኋቸው። ፈረንጆቹ ገንዘብ ማጠብ እንደሚሉት ስነግራቸው ዲማን ከለቀቁ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ከት ብለው ሣቁ። «ሌብነቱም ሥርዓት አበጀ በይኛ» አሉ። ከዚያ ሣቃቸውን አቆሙና አንገታቸውን ዘመም አደረጉ፤ ያን አንገት ከልጅነቴ አውቀዋለሁ።

«መጽሐፉን ዝጊውና በቃልሽ በይልኝ» አሉኝ።

እንዲህ ነው የተጀመረው። ከዚያ ወዲያ በየጠዋቱ ሥራ ከመሄዴ በፊት አንድ ክፍል አጠናና ፊታቸው ተቀምጬ በቃሌ እነግራቸዋለሁ። ቋንቋውን አያውቁትም፤ ነገር ግን ትንፋሼ ሲያጥር፣ ቃል ፍለጋ ድምፄ ሲጎተት ይሰማቸዋል። ከዘራዋ መታ ትላለች። «ድገሚ።» እደግማለሁ። ሲሳካልኝ ዝም ይላሉ፤ እኔም ያቺ ዝምታ ልቤን ደስ አሰኝታው በእግሬ ወደ ቢሮ እሄዳለሁ። የመንፈቅ ዓመት ፈተና የደረሰባት ተማሪ እመስል ነበር፤ ባልደረቦቼ «ምን አግኝተሽ ነው?» ይሉኝ ጀመር። ምን ብዬ ልንገራቸው? አባቴ ያዳምጡኛል ብል ማን ይገባዋል?

ቆይተው ደግሞ ትምህርቱን ራሳቸው ያዙት። የምደጋግመውን በጆሯቸው እየቀለቡ፣ ምን እንደሆነ ሳያውቁት፣ በቃላቸው አጠኑት። ስሰናከል ከዘራውን መምታት ትተው የቀጣዩን ቃል ጫፍ ይሰጡኛል። «ሌሪንጊ» ይሉኛል፤ «ፕሌሲመንቲ» ይሉኛል። እንግሊዝኛውን የጎጃም ሸማ አልብሰውት ነበር። እኔም አንዳንዴ ሆን ብዬ ቆም እላለሁ፣ ሲሉት ለመስማት።

ፈተናው ሲደርስ መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር በቃሌ ልወጣው ምንም አልቀረኝም። አባቴ እጃቸውን ራሴ ላይ ጭነው «አፍሽን ይፍታልሽ» አሉኝ። መንገዱ ይዘጋል አይዘጋም እየተባለ ከርሞ ነበር፤ እንደ ዕድል ያን ሰሞን ክፍት ሆነ። አውቶቡሱ ደጀንን አልፎ ወደ ዓባይ በረሃ ሲወርድ ሌላው ተሳፋሪ በየመልኩ ይጸልያል፣ እኔ በመስኮቱ በኩል ገደሉን እያየሁ ትምህርቴን እደግማለሁ።

ፈተናው ግን በቃል የሚነገር አልነበረም። ጥያቄው «እንዲህ ያለ ደንበኛ እንዲህ ያለ ገንዘብ ይዞ ቢመጣ ሠራተኛው አስቀድሞ ምን ያድርግ?» ይላል፤ ከሥሩ አራት መልስ ተደርድሯል፤ አራቱም ልክ ይመስላሉ። የያዝሁት ትምህርት ሁሉ ሳይጎድል አፌ ላይ አለ፤ ግን የሚጠይቀኝ የለም። ከአራቱ የትኛው እንደሚቀድም መፍረድ ነበር የተፈለገብኝ፤ እኔ መፍረድ አልተማርሁም፣ መድገም ነበር የተማርሁት። በአገራችን ልማድ ተምሬ በሌላ ልማድ ተፈተንሁ። መጨረሻ ላይ ኮምፒዩተሩ አላለፍሽም አለኝ።

ከበሩ ወጥቼ ደወልሁላቸው።

«አባዬ፣ ወደቅሁ።»

ለጥቂት ጊዜ ዝም አሉ። ይኼኛው ዝምታ የምወደው ዓይነት አልነበረም።

«የት ላይ ነው የተሰናከልሽ?» አሉኝ።

«የትም አልተሰናከልሁም። አላስነገሩኝም እኮ። አራት መልስ ይሰጡኝና አንዱን ንኪ ይሉኛል።»

«ሳይሰሙሽ?»

«ሳይሰሙኝ።»

«ሳይሰሙሽ መውደቅሽን በምን አወቁ?»

ቤት ስደርስ በረንዳው ላይ አገኘኋቸው፤ ገና እግሬን ሲሰሙ ጀመሩ። «እኔ ነኝ የጣልሁሽ። መጨረሻው ላይ ማሸለብ አብዝቼ ነበር። ስትሰናከዪ ሳልሰማ አልፌሻለሁ» አሉኝ። አይደለም ብዬ ስለ ፈተናው ዓይነት ደግሜ ደጋግሜ አስረዳኋቸው። ሰሙኝ፣ ራሳቸውንም ነቀነቁ፣ ግን አላመኑኝም። ተማሪ የሚወድቀው መምህሩ በደንብ ሳያዳምጠው ሲቀር ነው ብለው ነው የኖሩት። በዚህ ዕድሜ ሊቀይሩት አልቻሉም።

ሥራ አስኪያጁ «አይዞሽ፣ አንድ ዕድል አለሽ፤ ከዚያ በኋላ ግን እንጃ» አለኝ። እኔም በምሳ ሰዓት ቢሮ እየቀረሁ የልምምድ ጥያቄዎች መሥራት ጀመርሁ። የትኛው እንደሚቀድም፣ ደንበኛውን መቼ እንደምጠይቅ፣ መቼ ዝም ብዬ ለበላይ እንደማሳውቅ ቀስ በቀስ ገባኝ። ጠዋት በቃል መድገሙ ለዚህ ምንም አይጠቅመኝም፤ ጊዜዬን ይበላብኛል። አባቴ ግን ከፊቱ ይልቅ በርትተው ነበር። ከእኔ ቀድመው ይነሡና ጋቢያቸውን አጣፍተው ወንበራቸው ላይ ይጠብቁኛል። እንዳያሸልባቸው ብለው መደገፊያውን ትተው ቀጥ ብለው ይቀመጣሉ። እውነቱን ለመናገር እናደድ ነበር። ልተወው እልና ፊታቸውን ሳይ አፌ አይታዘዝልኝም።

አንድ ጠዋት ግን «ዛሬ ይቅርብን አባዬ፣ ደክሞኛል» አልሁ።

«እሽ ዲያ» አሉ።

ደጅ ወጥቼ ቧንቧው ሥር ፊቴን ስታጠብ ድምፃቸውን ሰማሁ። ብቻቸውን እየደገሙት ነው፤ የእኔን ትምህርት፣ ከመጀመሪያው። አንድ ቦታ ላይ ተሰናከሉ። ከዘራዋ መታ አለች። «ድገም» አሉ ለራሳቸው። ደገሙ፤ አሁንም እዚያው ላይ ተሰናከሉ፤ አሁንም መቷት። ውኃው እየፈሰሰ እኔ ቆሜ ቀረሁ። እንዳልወድቅባቸው እየተማሩልኝ ነበር። እያንዳንዱን ጠዋት እንዴት እንደተነጫነጭሁበት ታወሰኝና አለቀስሁ።

ፊቴን ጠርጌ ገባሁና ሁልጊዜ የምቀመጥበት ቦታ ላይ ተቀመጥሁ። ከዚያ በፊት ከአፌ ወጥቶ የማያውቅ ቃል ወጣኝ።

«የኔታ፣ ልንገርዎት?»

የኔታ የሚሏቸው ተማሪዎቻቸው ነበሩ፤ እኛ ልጆቻቸው ብለናቸው አናውቅም። አንገታቸውን ዘመም አደረጉ።

«ንገሪኝ» አሉ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ተነጫንጬ አላውቅም። ለፈተናው ምሳ ሰዓት ላይ አጠናለሁ፤ ጠዋት ለየኔታ እነግራለሁ። ስንጨርስ አንዳንዴ «አሁን ደርሰሻል» ይሉኛል። ሌላ የሚጠብቁት ነገር አልነበራቸውም፤ እኔን አድርሰው ማስመረቅ ብቻ ነበር የቀራቸው። እኔም የፈለግሁት ያን ነበር፣ አልፌ ስመለስ በዚያ ወንበር ላይ ተቀምጠው እንዲጠብቁኝ።

ክረምቱ በረታ። የደብረ ማርቆስ ብርድ ደረታቸው ውስጥ ገባና ሳል ሆነ፤ ሳሉ ትኩሳት ሆነ። ሆስፒታል አስገባኋቸው፤ ሳንባ ምች ነው ተባለ፤ ኦክስጅን ተደረገላቸው። እህቴም ከደብረ ኤልያስ በጭቃ መጣች። ትኩሳቱ ሲያይልባቸው ማን እንደሆንን ጠፋቸው። እህቴን በእናቴ ስም ጠሯት፤ እኔን ምንም አላሉኝም። ከዚያ ጭምብሉን በእጃቸው ገፋ አድርገው መናገር ጀመሩ።

የነፍስ አባታቸው በዚያ ሰዓት ነበር የገቡት። የድሮ ተማሪያቸው የነበሩ ቄስ ናቸው። መስቀላቸውንና የጸሎት መጽሐፋቸውን ይዘው ራስጌው ጋ ቆመው ለጥቂት ጊዜ አዳመጡና ወደ እኔ ዞሩ።

«ምን ቋንቋ ነው? ዐረብኛ ነው?»

«እንግሊዝኛ ነው አባ። የእኔ ትምህርት ነው።»

ይህን ስል ያፈርሁትን ማፈር አልረሳውም። ዳዊቱ፣ ውዳሴ ማርያሙ፣ ያ ሁሉ ቅኔ በሞላበት አፍ ውስጥ በመጨረሻው ሰዓት የሌባ ገንዘብ ወሬ ያስገባሁት እኔ ነኝ። የነበረውን አስወጥቼ የባንክ ትምህርት የሞላሁባቸው መሰለኝ። እህቴ ጎንበስ ብላ «አባዬ፣ አባ ጸሎት ሊያደርሱልዎት መጥተዋል፤ አሁን ይተዉት» አለቻቸው። አልሰሟትም።

ቄሱ እጃቸውን አነሡ። «ተያቸው ይጨርሱ» አሉ። «እኔን ሳልጨርስ አቋርጠውኝ አያውቁም።»

መጽሐፋቸውን ከደኑና አንገታቸውን ዘመም አድርገው ቆሙ። አንገት ማዘንበሉን ከማን እንደወሰዱት ታወቀኝ። አባቴ ትንፋሻቸው እየተቆራረጠ ቀጠሉ። «ፕሌሲመንቲ» አሉ። «ሌሪንጊ» አሉ። እዚያ ላይ ተሰናከሉ። እጃቸው አልጋው ላይ ከዘራ ፈለገ፣ አላገኘም።

«ኢንተግሬሽን፣ የኔታ» አልኋቸው ጆሯቸው ሥር።

«ኢንቲግሬሺን» አሉ፤ ቀሪዋንም ጨረሱና ዝም አሉ። ቄሱ ያን ጊዜ መጽሐፋቸውን ገለጡ። አባቴ በግእዙ ጸሎት መካከል በየቦታው «አሜን» ሲሉ ሰማኋቸው፣ አንዱንም ሳይስቱ። ምንም አልወሰድሁባቸውም ነበር። በማግስቱ ጠዋት አረፉ።

ዲማ ወስደን ቀበርናቸው። ተማሪዎቻቸው ከየደብሩ መጡ፤ ሽበት ያወጡም ነበሩባቸው። በየተራ እየወጡ ለመምህራቸው ቅኔ አበረከቱ። እኔ ከሴቶቹ ጋር ነጠላዬን አዘቅዝቄ ቆሜ ነበር። የመጨረሻዋ ተማሪያቸው እኔ መሆኔን እዚያ ከነበረው ሕዝብ መካከል የሚያውቁት እህቴና ያ ቄስ ብቻ ናቸው። እኔም የምለው ነበረኝ፤ የት ቆሜ፣ ለማን እለዋለሁ? ስለዚህ ከሌሎቹ ጋር አለቀስሁ።

የፈተናው ቀን አርባቸው ሳይወጣ ደረሰ። ሥራ አስኪያጁ ላራዝምልሽ አለኝ፤ እህቴም «ሰው ምን ይላል?» አለችኝ። ብቀር ግን የምመለስበት ጉልበት እንደማይኖረኝ አውቀው ነበርና ጥቁር ልብሴን እንደለበስሁ ሄድሁ። ራሴ ላይ እጁን የጫነልኝ ሰው አልነበረም።

ጥያቄዎቹን በዚህ ጊዜ አወቅኋቸው። እያሰብሁ፣ እየመረጥሁ ሄድሁና ጊዜው ሳያልቅ ጨረስሁ። የቀረኝ ማስረከቢያውን መንካት ብቻ ነበር። እጄን ወደዚያ ስዘረጋ ግን አንድ ነገር ያዘኝ። ይህን ከነካሁ በኋላ ትምህርቱ ያበቃል፤ ከዚያ ወዲያ ማንም ንገሪኝ አይለኝም። እጄን መለስሁና ዓይኔን ጨፍኜ በቃሌ ከመጀመሪያው ጀመርሁ። ድምፄ የማይሰማ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ድምፅ አውጥቻለሁ። የምትቆጣጠረን ልጅ መጥታ ትከሻዬን ነካችኝ።

«እህቴ፣ እዚህ ድምፅ አይፈቀድም።»

«ልጨርስ ነው፤ ጥቂት ነው የቀረኝ» አልኋት።

ጥቁር ልብሴን አየችና ድምፅዋን አለዘበች። «አዝናለሁ፤ ሌላው ሰው ይረበሻል» አለችኝ።

አፌን ዘጋሁና ማስረከቢያውን ነካሁ። ኮምፒዩተሩ አልፈሻል አለኝ።

ውጭ ወጥቼ ለእህቴ ደወልሁ። «አለፍሽ?» አለችኝ። አለፍሁ አልኋት፤ እልል ልትል ጀመረችና ሐዘን ላይ መሆናችን ትዝ ብሏት ተወችው። ስልኩን ዘግቼ መንገድ ዳር ቆምሁ። አባቴ ቢኖሩ አለፍሽ ወይ አይሉኝም ነበር፤ የት ላይ ተሰናከልሽ ነበር የሚሉኝ። መጨረሻው ላይ ነው አባዬ። አላስጨረሱኝም።